የግራ እግሩ ሚዛን

ባለቤቴ ግራ ጎኑ ሽባ ከሆነ በኋላ የቦንጋ ዝናብ ከቤት አላስወጣን አለ። ቤታችን ቁልቁለት ላይ ስለሆነ በክረምት ባጃጅ አይደርስበትም። ስለዚህ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣችው ወጣት ፊዚዮቴራፒስት የመራመድ ልምምዱን ቤታችን አመጣችው። ጎረቤታችን አናጢው ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ሳሎናችን መሀል ተከለልን። ባለቤቴ በደህና እጁ ይዞ በመካከላቸው ይቆማል፤ እኔ ጓዳ ለመግባት ጎንበስ ብዬ በሥራቸው አልፋለሁ። ሁለታችንም እዚያ በረት ውስጥ ከረምን።

ቴራፒስቷ በየሳምንቱ ሁለት የሰው ክብደት መለኪያ ሚዛኖች በዘንቢል ይዛ ትመጣና በየእግሩ ሥር አንዳንድ ታስቀምጣለች። የታመመው እግር የክብደቱን ግማሽ መሸከም ሲጀምር ከእንጨቶቹ መውጣት እንደሚችል ነግራናለች። እንዳይወድቅ እኔን ከኋላው ታቆመኝና እሷ አጎንብሳ የሚዛኖቹን መርፌዎች ታነባለች።

ባለቤቴ አስተማሪ ነበር። ለማንም ግማሽ ማርክ ጨምሮ አያውቅም፤ ኮራጅ ከያዘ ወረቀቱን ይቀድ ነበር።

«ዛሬስ ስንት አገኘሁ?» ይላታል።

«አሥራ ሁለት ኪሎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ደጋሚ ነኝ።»

እሷ ትስቃለች። ስትሄድ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ እህል አይቀምስም።

አንድ ቀን ከቀኝ በኩል በትከሻዬ ቀስ አድርጌ ወደ ግራ ገፋሁት። እንደ ሁልጊዜው የደገፍኩት መሰለው። መርፌው አሥራ ስምንት ደረሰ። የዚያን ቀን ምሳውን ምንም ሳያስተርፍ በላ። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ጨመርኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ግማሹ ሞላ። ቴራፒስቷ ደስ ብሏት ምርኩዝ ሰጠችው። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ካርዱን እንደተቀበለ ተማሪ ሲያየኝ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲያ ብቻውን ልተወው አልቻልኩም። ገበያ ቀረሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ፣ የእድር ሰዎች ለቅሶ ሳልደርስ ስቀር ተቀየሙኝ። እሱም «ምን ትጠብቂኛለሽ? ድኛለሁ እኮ» ይለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ጨው አልቆብኝ ወጣሁ። ስመለስ ከእንጨቶቹ ወዲያ፣ ደጃፉ ላይ ወድቆ አገኘሁት። የመጣሁ መስሎት በር ሊከፍትልኝ ተነስቶ ነበር። የዳሌው አጥንት ተሰብሯል። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሳም።

ለቅሶው ላይ ቴራፒስቷ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ያቻኮልኳቸው እኔ ነኝ። ሚዛኑን አመንኩት።»

ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። «ቀኑ ደርሶ ነው፣ ልጄ» አልኳት፤ ሁሉም እኔን የሚሉኝን። በዓመቱ ተዛውራ ሄደች፤ የኔን ጥፋት የራሷ አድርጋ ይዛው ሄደች።

አናጢው እንጨቶቹን ልንቀላቸው ብሎ ሦስት ጊዜ መጥቷል። መልሼዋለሁ። ለቴራፒስቷ ልጽፍ የጀመርኩት ደብዳቤ ጓዳ ነው፤ ሁለት መስመር አልሞላም። ደብዳቤውን ለማየት በገባሁ ቁጥር ዛሬም ጎንበስ ብዬ በሥራቸው አልፋለሁ።