የአያ ዘለቀ አህያ ዋጋ

ልጅ ሳለሁ ገዳሪፍ ገበያ ላይ የአንዲት አህያ ዋጋ ሰማንያ ጊኒ ነበር። ዋጋውን የማውቀው አባቴ አንዲት አህያ በዚህ ገንዘብ ሲሸጥ ገመዷን ይዤ የቆምሁት እኔ ስለነበርሁ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመት አልሞላኝም። ገዥው የሱዳኑን ገንዘብ ወረቀት በወረቀት ላይ እያደረገ ሲቆጥር እኔም ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ አብሬው ቆጠርሁ፤ አልተሳሳተም። በዚያ ገንዘብ አንድ ጆንያ ማሽላ ተገዛ፣ እኛም ያንን እየበላን ከረምን።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ከጎንደር ካወረዳቸው ሰዎች ነን። በመተማ በኩል ወጥተን ወደ ገዳሪፍ ከሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የስደተኞች ካምፕ ሰፈርን። ቀኑ በሰልፍ ያልቅ ነበር፤ ለውሃ ሰልፍ፣ ለራሽን ሰልፍ፣ ለመድኃኒት ሰልፍ። አባቴ ሁልጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ነበር የሚቆመው፣ ያውም ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ። ያኔ ትዕግሥተኛ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

ማታ ግን እኛ ልጆች የምንሄድበት አንድ ቦታ ነበረን፤ የአያ ዘለቀ ራኩባ። ራኩባ በዚያ አገር በአራት ቋሚ ላይ ሣር ከድነው የሚሠሩት ጥላ ነው። አያ ዘለቀ ሚስታቸው በስደቱ መንገድ የሞተችባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ገበሬ ቢሆኑም መጽሐፍ ያነበቡ ሰው ናቸው። መጽሐፋቸው በመንገድ ስለጠፋ የሚነግሩን ሁሉ በቃላቸው ነበር። ኩራዟን ሁላችንም እስክንቀመጥ ብቻ ያበሯትና «ጋዙ ለነገ ይሁን» ብለው እፍ ይሏታል። ከዚያ የኩበትና የማሽላ አገዳ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፍሙ የእሳቸውን ጉልበትና እጅ ብቻ እያሳየን፣ በየመዳፋችን የዘገኑልንን የማሽላ ቆሎ አንድ በአንድ እየቆረጠምን እንሰማለን። ቆሎዬን ከመብላቴ በፊት እቆጥር ነበር፤ ከጎኔ ያለው ልጅ የደረሰውንም ጭምር።

አዘውትረው የሚነግሩን የዮሴፍን ታሪክ ነበር። የከሱትን ላሞች ለኛ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም፤ ሁላችንም አይተን የመጣን ነን። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ግብጽ የወረዱ ለት ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ዮሴፍ ያውቃቸዋል፣ እነሱ አያውቁትም። እህሉን አሰፍሮ ብራቸውን በስውር በየጆንያቸው አፍ ያስመልስላቸዋል። በመንገድ ጆንያውን ሲፈቱ ብሩን ያዩና ይንቀጠቀጣሉ።

«ለምን ይንቀጠቀጣሉ?» አልሁ አንድ ማታ። «እህሉም ብሩም ለነሱ ሆነ። ትርፍ እኮ ነው!»

ልጆቹ ሳቁ። አያ ዘለቀም ሳቁና «አንተ ልጅ ወደፊት ሱቅ ሳትከፍት አትቀርም» አሉኝ። ምርቃት መስሎኝ ኮራሁ።

ወሬው ሲያልቅ ቆመን «አባታችን ሆይ» እንላለን፤ የሚመሩን እሳቸው ናቸው። ማንም ሳያስተውል እኔ ያስተዋልሁት ነገር አንድ ቦታ ላይ ዝም ማለታቸውን ነው። መጀመሪያ ሳል የያዛቸው መሰለኝ። በማግስቱም እዚያው ላይ ዝም አሉ፣ በሦስተኛውም። የሰሊጥ አጨዳው ሊጀመር ሲል፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ማታ፣ ጠየቅኋቸው።

«አያ ዘለቀ፣ እዚያች ላይ ለምን ዝም ይላሉ?»

«የቷ ላይ?»

«የበደሉንን ይቅር እንደምንል የምትለዋ ላይ።»

ፍሙን በእንጨት ጎረጎሩት። «ውሸት እንዳይሆንብኝ ነዋ» አሉ። «ይቅር ያላልሁትን ሰው ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ ለእግዜር እንዴት ልንገረው? እሱ እንደሆነ ያውቃል። እስክችል ድረስ እዘላታለሁ።»

ልጆቹ ሁሉ መልሰው ተቀመጡ። ማን እንደበደላቸው፣ ምን እንዳደረገ ሳይሰማ የሚሄድ አልነበረም። እሳቸውም በአጭሩ ነገሩን። ጓንግ ወንዝ ሳይደርሱ የሚስታቸው እግር አብጦ መራመድ አቃታት። ከዛፍ ጥላ አስቀመጧት። በመንገድ ለብቻው ያገኙት ሰው «አህያዎን ይስጡኝና ለእርስዎም ለኔም ውሃ ላምጣ» አላቸው። ሰጡት። በዚያው ቀረ። ሲጠብቁ ውለው፣ ሲጠብቁ አድረው፣ በመጨረሻ ሚስታቸውን አዝለው ተነሡ፤ ድንበሩን ሳያልፉ ጀርባቸው ላይ ሞተች።

«እጁ ይቆረጥ!» አለ አንዱ ልጅ።

«እጁ ምን ይጠቅማቸዋል?» አልሁ እኔ፤ ድምፄ ከሁሉም በላይ ነበር። «የአህያዋን ዋጋ ይክፈል። በየቀኑ የሠራችበትንም ኪራይ ይጨምር።»

አያ ዘለቀ አልሳቁም። አምስት ዓመቷ የነበረችው እህቴ ግን ስለ ክፍያው ግድ አልነበራትም። «አህያዋ ምን ትመስላለች?» አለቻቸው።

«ዳልቻ ናት። ግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ።»

«የኛ አህያ!» ብላ ጮኸች፣ እያጨበጨበች። «የኛም አህያ ጆሮዋ ቁርጥ ነው! እኔና ጌጡ እሷ ላይ ተቀምጠን ነው የመጣን! ከዚያ አባ ሸጣት!»

ጌጡ እኔ ነኝ። የአህያዋ ጀርባ ሙቀት፣ በሁለት ጎኗ የተንጠለጠለው የውሃ ቅል ድምፅ፣ አባቴ ወደ ኋላ ሳይመለከት ገመዷን ሲስብ፣ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። የማን አህያ እንደሆነች ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ሁሉን የምጠይቅ ልጅ ያንን አልጠየቅሁም። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደኛ ዞሩ። ከፍሙ ዳር መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድሁ።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ» አሏት አያ ዘለቀ፣ እህቴን። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ቆሎ ዘገኑልን፤ ለሷም ለኔም። «እደሩ። ነገም ኑ» አሉን።

ያኔ ገባኝ። ካምፑ ከገቡበት ቀን ጀምሮ አባቴን በራሽን ሰልፍ ላይ ያዩት ነበር። የማን ልጆች እንደሆንን እያወቁ ነው ያን ሁሉ ማታ የዘገኑልን።

ጎጆአችን ስንደርስ እህቴ ሁሉንም ተናገረች። አባቴ የጎማ ጫማውን ይጠግን ነበር፤ ወስፌውን አስቀመጠ።

«ልጆችህ እኮ በሕይወት አሉ» አለችው እናቴ።

«የሳቸው ሚስትስ?» አላት። 

በሦስተኛው ቀን ለአጨዳ ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ አገር ሄደ። ሰሊጡን አጨደ፣ ማሽላውንም ቆረጠ፤ ብዙዎች ደክመው ሲመለሱ እሱ እስከ መጨረሻው ቆየ። ሲመለስ አጠራቅሞ ያመጣውን ገንዘብ እናቴ በጨርቅ ቋጠረችው፣ እኔን አስከትሎ ወደ አያ ዘለቀ ሄደ።

«አያ ዘለቀ፣ ሳያውቁኝ አልቀሩም» አለ፣ ቆሞ።

«አውቄሃለሁ። ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። ሰማንያ ጊኒ ነው። የሸጥኋት በዚህ ነው። ጨምር ካሉኝም ሠርቼ አመጣለሁ።»

ሽማግሌው ጨርቁን ተቀብለው ምንጣፋቸው ሥር አደረጉት። «የአህያዋ ይኸው መጣ። የቀረውን አንተ ልትከፍለው አትችል፣ እኔም ልተምነው አልችል። አሁን ተቀመጥ።»

አባቴ ተቀመጠ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ከልጆቹ ጀርባ የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ሰው ነበረን። ውሃ በትከሻው ያመጣላቸዋል፣ እንጨት ይፈልጥላቸዋል። በሰልፍም ከሰው መሀል መቆም ጀመረ፤ ሰላም ሲሉት ቀና ብሎ ይመልሳል። አያ ዘለቀ ግን ያችን ቃል እንደዘለሏት ነበሩ። አባቴ እዚያች ላይ ስንደርስ ትንፋሹን ይይዝ እንደነበር ከጎኑ ሆኜ አውቃለሁ። ሳይከፋው በማግስቱም ይመጣል።

ዐቢይ ጾም ተጋመሰ። አንድ ማታ፣ ምንም የተለየ ነገር ሳይኖር፣ እዚያች ቃል ላይ ስንደርስ የአያ ዘለቀ ድምፅ አልተቋረጠም። ዝግ ብለው፣ ከባድ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው፣ እስከ መጨረሻው አሏት። አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።  ወደ ቤት ስንመለስ እህቴን አዝሎ እያንጎራጎረ ነበር፤ ከአገራችን ከወጣን ወዲህ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ያን ሌሊት ስቆጥር አደርሁ። ይቅር ከተባለ ዕዳ የለም፤ ዕዳ ከሌለ ደግሞ የተከፈለው ይመለሳል። ሒሳቡን በየትም በኩል ባዞረው ልክ መጣልኝ። በማለዳ ብቻዬን ሄድሁ።

«አያ ዘለቀ፣ አባቴን ይቅር ብለውታል አይደል?»

«ብዬዋለሁ።»

«ታዲያ ብሩስ?»

 ከዚያ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ምንጣፉን ገልጠው ጨርቁን አወጡ፤ የእናቴ ቋጠሮ እንኳ አልተፈታም ነበር። «እውነትህን ነው» አሉ። «ለኔስ ምን ያደርግልኛል? የምጭንለት ቤተሰብ የለኝ። ውሰድ፣ ለአባትህ ስጠው።»

እየሮጥሁ ሄድሁ። አባቴ ከደጅ ተቀምጦ ነበር፤ ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥሁለት። ፈትቶ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ላከህ?»

«ማንም። እኔው ጠይቄ ነው ያስመለስሁት!» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ ነው የዮሴፍ ወንድሞች የገቡኝ፤ ዘግይቶ፣ ገንዘቡ እጃችን ከገባ በኋላ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፣ አልመታኝም። «ሂድና መልስ» አለኝ። እናቴ ግን ከለከለች፤ «ሰውየው በፈቃዳቸው የሰጡትን ፊታቸው ላይ ልትወረውርባቸው ነው?» አለችው። ጨርቁንም ከጉልበቱ ላይ አነሣችው።

ያን ማታ አባቴ ወደ እሳቱ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። በሰልፍ ተመልሶ መጨረሻ መቆም ጀመረ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ራሴ የሰው ገንዘብ መያዝ ከጀመርሁ በኋላ ነው። የአህያዋን ዋጋ ከፍሎ ሲቀመጥ፣ ያጎደለውን አቅሙ በፈቀደው የመለሰ ሰው ሆኖ ነበር የሚቀመጠው። ገንዘቡ ሲመለስበት ግን አህያዋንም ዋጋዋንም የወሰደ ሰው ሆነ፤ በዚህ ሁኔታ በዚያ እሳት ዳር መቀመጥ አልቻለም።

አያ ዘለቀ በየማታው «አባትህ አመመው እንዴ?» ይሉኛል። «ደኅና ነው» እላለሁ። አንድ ቀን በትራቸውን ይዘው ጎጆአችን ድረስ መጡ፤ አባቴ ድምፃቸውን ሲሰማ በጓሮ ወጣ። ሽማግሌው ከደጃፉ ቆመው «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሳላስብ» ብለው ሄዱ። ጥፋቱ የማን እንደነበረ እኔ አውቅ ነበር፤ ግን ዝም አልሁ። በክረምቱ ወባ ያዛቸውና ሞቱ። መቃብሩን ብቻውን የቆፈረው አባቴ ነው፤ ሌላ ሰው አካፋ እንዲይዝ አልፈቀደም።

ሰማንያውን ጊኒ ከዚያ ጠዋት ወዲህ አባቴ በእጁ ነክቶት አያውቅም። እናቴ ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዛችበት፤ ከመንገዱ ዳር ለአጨዳ ሠራተኞች ሻሂ እያፈላች ሸጠች፣ እኔም ብርጭቆ እያጠብሁ ሒሳብ ተቀበልሁ። ከሻሂው ሱቅ ወጣ፣ ከሱቁ ወፍጮ፣ ከወፍጮው የእህል መጋዘን። ሰዎች «ከባዶ የተነሣ» ይሉኛል። ለብዙ ዘመን አላረምኋቸውም።

ዛሬ ብዙ ሰው ዕዳ አለብኝ ብሎ ይመጣል። መክፈል ያቃተውን እተውለታለሁ፣ ያችን ጸሎት ሳልዘላት ለማለት ስል። ግን ሁሉን አልተውም። አቅሙ የሚችለውን ትንሽ ነገር አስከፍለዋለሁ፣ ቆጥሬም እቀበለዋለሁ፣ ከዚያም ተቀመጥ እለዋለሁ። ልጆቼ ስስት ይመስላቸዋል። አላስረዳኋቸውም፤ ማስረዳት ብጀምር ያ ጠዋት ላይ መድረሴ አይቀርም።

ሒሳቡን ስዘጋው እንዲህ ነው። አህያዋ የአባቴ ዕዳ ነበረች፣ እሷ ይቅር ተብላለች። በኔ ስም የቀረው ገቢ ሰማንያ ጊኒ ነው። ወጪው ከዐቢይ ጾም እስከ ክረምት አባቴ ከዚያ እሳት ዳር ሊቀመጥባቸው ሲችል ያልተቀመጠባቸው ማታዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ በገቢው በኩል ደምሬ አይቻለሁ። አልሸፈነውም።