ቲቸር እና አርባው እርከን

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ «ቲቸር» ነው የምንላት። ግማሽ ዕድሜዋን ሒሳብ ስታስተምር ኖራ ነው ወደ እኛ የመጣችው። ጉሮሮዋ ላይ የበቀለ ነገር በቀዶ ጥገና ሲወጣላት ነፍሷ ተረፈ፣ ድምፅዋ ግን ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ሹክሹክታ ምን ይሠራል? ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቢመድባትም አልሆነላትም። የክፍሎቹ ጫጫታ በመስኮት እየገባ ሆዷን ያባባው ነበር።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጨዋታ አዋቂ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስጮህ ስለምውል ለቤታችን አንድ ጯሂ ይበቃል እያለ ያስቃት ነበር። የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተማሪ ብሎ የገፋፋትም እሱ ነው። ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ ተማረች፤ ስትጨርስም እኛ ዘንድ፣ ውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች።

መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ ቀላል አልነበረም። አንድ የቧንቧ መስመር ለጥገና ከመዘጋቱ በፊት፣ ውሃው በሌላ በኩል ዞሮ ለየትኛው ቤት በምን ያህል ግፊት እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚናገር ፕሮግራም ሥሪ ተባለች። ሠራችው። ፕሮግራሙ ስለ አንድ የቧንቧ መጋጠሚያ ሲጠየቅ፣ ውሃ የሚያቀብሉትን ሁለት መጋጠሚያዎች ይጠይቃል። እነሱ ደግሞ ከበላያቸው ያሉትን ሁለት ሁለት ይጠይቃሉ። እንዲህ ራሱን በራሱ እየጠራ የከተማው ውሃ ማጠራቀሚያ ድረስ ይወጣና፣ ሲመለስ ከሁለቱ የተሻለውን ግፊት ይዞ ይወርዳል። ከማጠራቀሚያው ሥር ባለው ሰፈር ሞከርነው፤ ዓይናችንን ጨፍነን ሳንገልጥ መለሰ። አጨበጨብንላት። ከዚያ የከተማው መስመር ሁሉ ተመዝግቦ ገባ።

አንድ ቀን ጠዋት ዋናው ቧንቧ ተሰነጠቀ። የጥገና ቡድኑ መሪ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ከቦታው ደውለው ውሃው መንገዱን እየቆፈረው ነው፣ ቶሎ ካልተዘጋ አስፋልቱ ይደረመሳል አሉ። ችግሩ፣ በዚያ መስመር ጫፍ ላይ ያለው የወላዶች ሆስፒታል ነው። ቧንቧው ቢዘጋ ውሃ በላይኛው በኩል ዞሮ ይደርሰዋል ወይስ አይደርሰውም? የጥገና ኃላፊያችን ስልኩን እንደያዘ ወደ ቲቸር መጣ።

ሆስፒታሉን መርጣ ፕሮግራሙን አስነሳችው። ጠበቅን። ምንም የለም። ሻይ ተቀድቶ ቀዘቀዘ፤ አሁንም ምንም። አጥፍታ እንደገና አስነሳችው፤ ያው ነው። ፊቷ አመድ መሰለ። የመጀመሪያውን ሙያዬን ጉሮሮዬ ነጠቀኝ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በገዛ እጄ ላጣው ነው ብላ ማሰቧን የነገረችኝ በኋላ ነው።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ይሆናል፣ አሮጌ ነው፣ ከዋናው ቢሮ ጠንካራውን ላስመጣ ብሎ መደወል ጀመረ። ቲቸር ግን እጇን ከኮምፒውተሩ አንሥታ ተነሣች። ግድግዳው ላይ ወዳለው ነጭ ሰሌዳ ሄደች፤ ለጥቂት ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታን ጻፈች። ከዚያ ዞራ ኃላፊውን በእጇ ጠራችው።

«ኮምፒውተሩን አትውቀሰው» አለችው።

ድምፅዋ ስለማይሰማ ሁላችንም ወንበራችንን ይዘን ተጠጋን። አንዱ የአየር ማራገቢያውን አጠፋ።

ከማጠራቀሚያው አንድ እርከን፣ ማለትም አንድ ቅብብል፣ የራቀ መጋጠሚያ ሦስት ጥያቄ ይፈጃል አለች፤ አንዱ የራሱ፣ ሁለቱ የምንጮቹ። ሁለት እርከን የራቀው ሰባት። ሦስት እርከን የራቀው አሥራ አምስት። «የአንዱን እርከን ሥራ ለማግኘት የበፊቱን ሁለት ጊዜ ሠርተህ አንድ ትጨምራለህ። ተማሪዎቼ ሪከረንስ የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ ሲሰሙት ይፈሩታል እንጂ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከላይ ያለውን ካወቅህ የታችኛውን ታውቃለህ።» የሞከርነው ሰፈር ጥቂት እርከን ብቻ ነበር የሚርቀው። ሆስፒታሉ ግን አርባ እርከን ይርቃል።

ኃላፊው በስልኩ ማስያ ደጋግሞ እያባዛ ሄደና ቆመ። ከሁለት ትሪሊዮን ያልፋል።

«ሁለት እጥፍ የሚፈጥን ኮምፒውተር ባመጣልሽስ?»

«በዚያው ሰዓት አንድ እርከን ብቻ ጨምሮ ይሄዳል። ከአርባ ወደ አርባ አንድ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። በከተማው ያለው መጋጠሚያ እኮ ጥቂት ሺህ ነው፣ ይሄ ሁሉ ትሪሊዮን ከየት መጣ ብሎ ጠየቃት። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ደም ተመለሰ። ጥሩ ጥያቄ የተጠየቀ አስተማሪ ፊት እንዴት እንደሚበራ ያን ቀን አየሁ።

«አንዱን መጋጠሚያ ሚሊዮን ጊዜ እየጠየቀው ነዋ» አለች። «ጎረቤታም መጋጠሚያዎች ምንጫቸው አንድ ነው። እናት ስትታመም አንዷ እህት ደውላ ደኅንነቷን ከሰማች፣ ሌሎቹ እሷን ቢጠይቁ ይበቃል። በእኛ ፕሮግራም ግን ሁሉም በየፊናው እናቱ ጋ ይደውላል። እናቲቱ በስልክ ብዛት አለቀች።»

ሳቅን። መድኃኒቱ አጭር ሆነ፦ አንድ መጋጠሚያ አንዴ ከመለሰ መልሱ ይቀመጥ፣ ሌላ ሲጠይቅ ከተቀመጠው ይሰጠው። ያኔ እያንዳንዱ መጋጠሚያ የሚሰላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከተማው ሲሰፋ ሥራውም በዚያው ልክ ይሰፋል እንጂ በየእርከኑ እጥፍ አይሆንም። ተቀምጣ ፕሮግራሙ ላይ ጥቂት የትእዛዝ መስመር ጨመረች። አስነሣችው።

ኃላፊው ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ መልሱ ወጣ። ለሆስፒታሉ ውሃ ይደርሳል፤ ግን ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ወደ ላይኛው ፎቅ አይወጣም። ኃላፊው ለሆስፒታሉ ደወለ፤ በላይኛው ፎቅ ያሉትን እናቶች ወደ ታች አወረዷቸው። ከዚያ ጋሼ ቧንቧውን ዘጉ።

የሆስፒታሉ አዋላጅ እስክትደውል ሁላችንም ስልኩን ከበን ቆምን። ደወለች። በምድር ቤቱ ውሃው ደኅና ይወርዳል፣ በአንደኛውም ፎቅ ይወርዳል፣ ላይኛው እንዳላችሁት ደርቋል አለችን። ኃላፊው «ተመስገን» ብሎ ጠረጴዛው ላይ በክርኑ ተደገፈ። ቲቸር ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

ያን ቀን ምሳ አብረን በላን፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ በላች ብል አላጋነንኩም። በሳምንቱ ኃላፊው አዲስ የሚቀጠሩትን ልጆች ታስተምሪልኝ እንደሆነ ብሎ ጠየቃት።  ክፍሉ ትንሽ ከሆነና ሰዎቹ ቀረብ ብለው ከተቀመጡ እሞክራለሁ አለችው።