ጋሽ ሽኩር አዳራሹን አላቃጠሉም

ይህን እስካለፈው እሁድ ድረስ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለእናቴም። ለወንድሜ ለሙኒርም። እሱ አሁን ሞቷል፤ ለእሱ ዘግይቻለሁ። እናንተ ስሙኝ።

ሙኒር ታላቄ ነበር። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ መጽሐፍ ገዛ፤ ግላስጎው ስለምትባል የስኮትላንድ ከተማ። የየሰፈሩ ታሪክ፣ የሕዝብ አዳራሾቹ፣ የተቃጠሉትም ጭምር ተጽፈውበታል። "እነሱ እሳታቸውን እንኳ አልረሱም። ኮልፌስ ማን አላት?" አለኝ። ደብተር ገዝቶ የሰፈራችንን ታሪክ መጻፍ ጀመረ።

እኔ ያኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ "ጋሽ ሽኩር ጋ ሂድና የድሮው የእድር አዳራሽ እንዴት እንደተቃጠለ ጠይቅልኝ" አለኝ። ጋሽ ሽኩር 18 ማዞሪያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ናቸው። እኛ ሳንወለድ፣ አዳራሹ ሲቃጠል፣ ቁልፉን የሚይዙት እሳቸው ነበሩ።

አልሄድኩም። ኳስ ነበር። እኔ ኳስ አየሁ። ስመለስ በሱቃቸው በር አለፍኩ፤ የከሰል ካውያቸው ደጅ ላይ ይጨሳል። ለውሸት ያ ካውያ በቃኝ። ቤት ገብቼ ሙኒርን "አዳራሹ ውስጥ ልብስ ሲተኩሱ ካውያውን ረስተው ወጡ፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ሙኒርም ጻፈው። በእሳቸው ስም፣ በዚያ ቆንጆ የእጅ ጽሑፉ።

በእድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አነበበው። ፎቶ ኮፒው ለየቤቱ ታደለ። ጋሽ ሽኩር ከኋላ ተነሡ።

"እኔ እንዲህ አላልኩም። ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም።"

ሰው ሳቀ፤ በክፋት አይደለም፣ እርጅና ነው ብሎ። አንድ ሰውዬ "ጋሼ፣ ካውያውን የረሳ ሰው መናገሩን ቢረሳ ምን ይገርማል!" አሏቸው። ሙኒር ወደ እኔ ዞረ።

"ሄደህ ጠይቀሃቸዋል?"

"ወላሂ" አልኩ።

ለምን? ፈርቼ? ፍርሃትስ ምክንያት ይሆናል? "አልሄድኩም" ብል ይበቃ ነበር። እኔ በአላህ ስም ምዬ የአንድ ሽማግሌ ስም አጠፋሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሽኩር ስብሰባ መምጣት ተዉ። ሰው ሲሞት ብቻ ይመጣሉ።

ዘንድሮ ሙኒር ሞተ። ሁለት ሳምንት ታሞ። ቃሬዛውን ከፊት የያዙት ጋሽ ሽኩር ነበሩ። ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። "ወንድምህ የሰፈሩን ታሪክ የጻፈ ልጅ ነው፤ ቀና በል" አሉኝ። እሳቸው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እሁድ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ጉልበታቸውን ስሜ "ዛሬ ብቻ የእድሩ ስብሰባ ላይ ይምጡልኝ" አልኳቸው። መጡ። አዲሱ አዳራሽ ሞልቷል። ተነሣሁ። "አልጠየቅኳቸውም። ኳስ ሳይ ነበር። ወላሂ ያልኩት በሐሰት ነው። እሳቸው አላቃጠሉም።" ብዬ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ሽኩር ቀስ ብለው ተነሡ።

"አልሐምዱሊላህ! ካውያ ብቻ ነው የሰጠኸኝ። ቤንዚን ብትጨምርበት ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ እውነቱን ነገሩን። በነፋስ ሁለት የመብራት ሽቦዎች ተጋጭተው ጣሪያው ተያያዘ። እሳቸው ቁልፉን እስኪያመጡ ሳይጠብቁ በሩን ገንጥለው ገቡና የእድሩን ድንኳን አወጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠባሳቸውን አሳዩን። የሙኒርን ሐዘን የተቀመጥነው እሳቸው ራሳቸው እየጣፉ ባኖሩት በዚያ ድንኳን ውስጥ ነው።

ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። እናቶች እልል አሉ። ያን ቀን ያሾፉባቸው ሰውዬ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ጋሽ ሽኩር ቀድመው አቀፏቸው። የእድሩ ሰብሳቢ የፊቱን ወንበር ለቀቁላቸው። አለቀስኩ፤ ግን ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለለኝ። እውነቱ አሸነፈ። ሰፈራችን አሸነፈ።

ጋሽ ሽኩር "አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ" ብለውኛል። ሙኒር ግን አላለኝም፤ ሊለኝም አይችልም። ውሸቴን እውነት ብሎ እንዳመነ ነው የሞተው። ልጅ ነበርኩ አልልም። አስራ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ነበር።

እሁድ ስብሰባው ላይ ያልነበራችሁ የሰፈሬ ሰዎች፣ ቤታችሁ ያለውን ቅጂ አውጡ። ስለ እሳቱ የተጻፈበት ገጽ ላይ የጋሽ ሽኩርን ስም በደንብ አድርጋችሁ ሰርዙ። ከጎኑ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ ወንድሙ ከድር ዋሽቶት ነው።