መንገደኛ ያወጣው ስም

ይታይሽ ደሟ ፈልቷል። ለልጇ የአቶ እንየውን ልጅ ሰርክአዲስን ሊጠይቁ ዳንግላ የሄዱት ሽማግሌዎች ይዘውት የመጡት መልስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ልጁ ጨዋ ነው፣ ስሙ ግን ይቀየር! «የልጅ ልጆቼ እከሌ ቦግዳን ተብለው ሲጠሩ መስማት አልፈልግም» ብሏል እንየው። ይባስ ብሎ ልጇ ራሱ እሺ ብሎ «ሀብታሙ» የሚል ስም መርጦ ጨርሷል። እሷን ማን ጠየቃት? ማንም!

ስሙ እኮ ከሜዳ የተለቀመ አይደለም። በይታይሽ አገር፣ ከቆሰበር ወጣ ብሎ፣ ልጅ የሞተባት እናት ለሚቀጥለው ራሷ ስም አታወጣም፤ በደጇ የሚያልፍ መንገደኛ ያወጣላታል። እሷ አራስ ሳለች ያለፈው መንገደኛ ደግሞ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ፖላንዳዊ ነበር። ነገሩ በአስተርጓሚ ሲነገረው ባርኔጣውን አውልቆ የአያቱን ስም ሰጣት። ቦግ በአገሩ ቋንቋ እግዚአብሔር ማለት ነው፤ ዳን ደግሞ የተሰጠ። ከጥንት ጀምሮ ወንድ ልጅ የሚጠራበት ስም ነው አላት። ጎረቤት ሳቀ። ልጁ ግን አደገ።

ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻው መልስ ሲሄዱ ይታይሽ ቀድማ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ጠበቀቻቸው። ሴት ከሽማግሌ ጋር መሄዷ ምን ወግ ነው ቢሏት አልወርድም አለች። ልጇም ነገር እንዳታበላሽበት ፈርቶ ተከተላት።

እንየው ቤት ሲገቡ ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ ጀመረች። «አቶ እንየው፣ የልጄ ስም ምን አደረገዎት?»

«ትርጉሙን አልጠላሁትም፣ እመት ይታይሽ። እግዜር የሰጠው ከሆነ በአማርኛ ይባላ! ምን ቸገረዎት?»

«በአማርኛማ አውጥቼ ነበር! የመጀመሪያውን ምስጋናው አልኩት፤ ቀበርኩት። ሁለተኛውን አትክልት አልኩት፤ ቀበርኩት። ጡቴ ወተት እያፈሰሰ ከመቃብር የተመለስኩት እኔ ነኝ። ስሙን ስጠራው አቤት ብሎኝ ያደገ ይሄ ብቻ ነው። አሁን እርስዎ ይሄንንም ስም ቅበሪ ይሉኛል?»

ልጇ በሩ አጠገብ ቆሟል። የሁለቱን ወንድሞቹን ስም ከእናቱ አፍ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ቦግዳን እባላለሁ» አለ ወደ እንየው ቀና ብሎ። «ሰርክአዲስን ከፈቀዱልኝ ከነስሜ ይፍቀዱልኝ። ካልሆነ እናቴን ይዤ እሄዳለሁ።»