ከጫልቱ ዳቦ ውስጥ የወጣችው ነጭ ስባሪ

ባለፈው ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ... ጋሽ ወርቅነህ በባጃጅ መጥተው የፋብሪካችን በር ላይ ወረዱ። ጋሽ ወርቅነህ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ናቸው። እሳቸው በአዳማ ፀሐይ፣ በዚያ ሰዓት፣ ሙሉ ሱፍ ለብሰው ከመጡ ነገሩ ቀላል አይደለም ማለት ነው።

የምሠራው የውሃ ቧንቧ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የሰፈሬ ሰው ሥራዬ ፕላስቲክ መመርመር መሆኑን ካወቀ ወዲህ ጀሪካን፣ ጡጦ፣ አንዴማ ያልበሰለ ሩዝ ሳይቀር አምጥቶልኛል። አለቃዬ በምሳ ሰዓት እስከሆነ ድረስ ዝም ይለኛል።

ጋሽ ወርቅነህ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ሶፍት አወጡ። ውስጡ ምስር የምታክል፣ ነጣ ያለች፣ ጠንካራ ስባሪ አለች።

«ዛሬ ጠዋት ከጫልቱ ዳቦ ውስጥ ያወጣኋት ናት» አሉ። «ዱቄቱ ላይ ፕላስቲክ ትቀላቅላለች ሲሉ ሰምቼ አላመንኩም ነበር። እሁድ ስብሰባ አለን። ወረቀት ጻፊልኝና ለአባላቱ አነብላቸዋለሁ።»

ደነገጥኩ። ጫልቱ ደራ ከምትባል ከተማ የመጣች ልጅ ናት፤ ዳቦ ቤቷን ከከፈተች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። እድሩ ለለቅሶ ቤት የሚወስደው ዳቦ በሙሉ የእሷ ነው። እድሩ ከተዋት ሰፈሩም ይተዋታል። እኔም ጠዋት ጠዋት የምበላው የእሷን ነው...

ደውዬ የሆነውን ነገርኳት። ብዙም ሳትቆይ እስከ ክርኗ ዱቄት እንደሆነች መጣች። «አካም ጅርቱ፣ ጋሼ» ብላ ጎንበስ አለች። ጋሽ ወርቅነህ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይጠይቋት ነበር። አሁን ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ጫልቱ የያዘችውን ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ከሊጥ ባልዲዋ የተቆረጠ፣ ከመጥረጊያዋ የተሰበረ፣ ከዱቄት ጆንያዋ የተመዘዘ ክር...

«ዳቦ ቤቴ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ይኸው ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ራሴ እዘጋዋለሁ» አለች።

ፕላስቲክ የምመረምርበት መሣሪያ ኢንፍራሬድ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ብርሃን ይልካል። እያንዳንዱ ፕላስቲክ ከብርሃኑ የራሱን ድርሻ ይውጥና የቀረውን ይመልሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ ገባ ያለ መስመር ይመጣል፤ የጣት አሻራ በሉት። ኮምፒውተሩ ከሚያውቃቸው አሻራዎች ጋር ያስተያይና ስም ይሰጣል።

ስባሪዋን መሣሪያው ላይ አስቀምጬ ጫን አደረግኋት። የመጀመሪያው ውጤት ስታርችና ዘይት አለ።

«ይኸው፣ አላልኩሽም?» አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

«ጋሼ፣ ስታርች ማለት ዱቄቱ ነው፤ ይሄ ዳቦው ራሱ ነው። ሳላጥባት ነው የለካኋት።»

በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ ደገምኩት። አሁን መስመሩ ጥርት ብሎ መጣ፤ አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ። የጫልቱን ባልዲ፣ መጥረጊያና ክር ተራ በተራ ለካሁ። አንዱም አልገጠመም። ጫልቱ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለች።

ጋሽ ወርቅነህ ግን በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም። «ይሄ አክሪሊክ ያልሽው ምን ይሠራበታል?»

«የማስታወቂያ ሰሌዳ... የመኪና የኋላ መብራት...»

«እሷስ በሯ ላይ ሰሌዳ አላት አይደል?»

«የኔ ቆርቆሮ ነው ጋሼ» አለች ጫልቱ።

«ሌላስ?»

ሌላውን አውቀዋለሁ። እናቴ አፍ ውስጥ አለ። ግን ለእድር ሊቀመንበር፣ ሱፍ ለለበሱ ሽማግሌ፣ እንዴት ተብሎ ይነገራል? ዓይኔን ኮምፒውተሩ ላይ ተክዬ ቀስ ብዬ አወጣሁት።

«ሌላው... ሐኪሞች ይጠቀሙበታል ጋሼ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠሩበታል።»

የጋሽ ወርቅነህ ምላስ ጉንጫቸው ውስጥ ጉዞ ሲጀምር አየሁ... ከታች ተነሳ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ግራ ጥጉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ጫልቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይርገፈገፋል። እኔም ሳቄን በግድ ዋጥኩት፤ ግን አሳዘኑኝም።

ጋሽ ወርቅነህ ተነስተው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «ወረቀቱን ጻፊው» አሉኝ።

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«ያገኘሽውን ነዋ።»

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ። ሁለት ቀን ሙሉ ተጨነቅሁ። እሳቸው ዓርብ ጠዋት ለጎረቤት ያወሩት የፕላስቲክ ወሬ ሰፈር ገብቷል፤ ቅዳሜ የጫልቱ ዳቦ ግማሹ መደርደሪያው ላይ ቀርቷል። እሳቸው ወረቀቱን ደብቀው ዝም ካሉ እኔ ተነስቼ የሊቀመንበራችንን ጥርስ ላወራ ነው?

እሁድ ስብሰባው ላይ ጋሽ ወርቅነህ ቆሙ። ወረቀቱን ዘረጉ፣ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዳቦው ውስጥ ባዕድ ነገር ተገኝቷል የተባለው እውነት ነው» አሉ። «ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ።»

አፋቸውን ከፍተው የጎደለችውን ቦታ በጣታቸው አሳዩ። «ሰው ሠራሽ ጥርሴን የሰነጠቃት ዳቦው እንኳን አይደለም። ሐሙስ ዕለት ባለቤቴ ተው እያለችኝ የበላሁት የተጠበሰ በቆሎ ነው። ጫልቱ ልጄ፣ በሰው ፊት አምቼሻለሁና በሰው ፊት ይቅር በይኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጫልቱ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች ሄዳ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው አቀኗት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሰው አክብሬ አላውቅም።

ይህን ልጽፈው ስላቸው «ስሜን ቀይሪና ጻፊው» አሉኝ። ቀይሬዋለሁ። ከእንግዲህ ግን ከምግብ ውስጥ ያወጣውን ነገር ይዞልኝ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ናት... «ጥርስዎን ቆጥረዋል?»