የእትዬ አስካለ ስልክ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቤት ፈላጊ ሆና በስልኳ ስትመዘገብ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። የስልክ ቁጥር መጻፊያውን ባዶ ትታ ለማለፍ ብትሞክር ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለና መለሳት። «እማዬ፣ ስልክ የሌለው ሰው ታዲያ ምን ይሆናል?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። በእግሬ ሄጄ ያየሁት ነገር ነው።

ያኔ ወጣት ሳለሁ፣ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ እፈልግ ነበር። አንድ የጥናት ቡድን የሞላሌን ከተማ የቤት ፍላጎት ሊያጠና መጥቶ የአካባቢውን ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ቀጠረ። ለእያንዳንዳችን ታብሌት ተሰጠን። ታብሌት ስይዝ የመጀመሪያዬ ቢሆንም፣ በሁለተኛው ቀን ለሌሎቹ የማሳየው እኔ ነበርኩ። በዚያ ዕድሜ የማይቻል ነገር መኖሩን ገና የነገረኝ ሰው አልነበረም። ወሩ ጥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ እጅ ያደነዝዛል፣ ታብሌቱም የደነዘዘ ጣት አላውቅም ይላል። ከቤት ስወጣ ኪሴ የምሞላውን ትኩስ የባቄላ ቆሎ እየጨበጥኩ እጄን አሞቅ ነበር። ቆሎው ሲበርድ ደግሞ እበላዋለሁ።

እትዬ አስካለን ያገኘኋቸው ከወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሴት ናቸው። ተከራይተውት የነበረው የጭቃ ቤት በክረምቱ ዝናብ ተደርምሶባቸው፣ ባለወፍጮው ቤቱን እየጠረጉ ከጆንያዎቹ መሀል እንዲያድሩ ፈቅዶላቸዋል።

«የቤትዎ ጣሪያ ከምን ተሠራ?» ስል ጠየቅኳቸው።

«የወፍጮውን ነው?»

«አይ፣ የእርስዎን።»

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «የእኔማ ያ ነው። እሱን ከምን ተሠራ ትዪዋለሽ፣ ልጄ?»

ታብሌቱ ላይ ያለው ሣር፣ ቆርቆሮ እና «ሌላ» የሚል ምርጫ ብቻ ነው። ለአስተባባሪያችን ደወልኩ። ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ሥራ የሚወድ ልጅ ነበር። «ቤት የሌለውን ዝለይው፤ የምናጠናው ቤት ነው» አለኝ።

«ቤት የሚያስፈልገው ታዲያ ማን ነው?» ብዬ ዘጋሁበት። «ሌላ» የሚለውን ነካሁና «የላቸውም፤ ወፍጮ ቤት ያድራሉ» ብዬ ጻፍኩ። ታብሌቱ ስልክ ቁጥር ካልተሞላ አላልፍም ሲለኝ፣ እሳቸው ስልክ ስለሌላቸው የራሴን ሞላሁ። በየበረንዳውና በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ለሚያድሩ ሌሎች አምስት ሰዎችም እንዲሁ አደረግሁ።

በሳምንቱ አስተባባሪው ጠራኝ። «አንድ ቁጥር ለስድስት ሰው! ይሄ ማጭበርበር ነው።»

«ማጭበርበር ቢሆን እደብቀው ነበር። ምክንያቱን ከሥሩ ጽፌዋለሁ፤ አንብበው።»

አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ስሞቹን እንዳሉ ቤት ወደሚሰጠው ቀበሌ አሳለፋቸው።

የካቲት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ፣ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። ለእትዬ አስካለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ደርሷቸዋል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ካልቀረቡ ለሌላ ሰው ይተላለፋል። ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጥኩ።

«ጓሳ ወጥተዋል» አለኝ ባለወፍጮው፤ ከከተማው በላይ ያለውን፣ ሲፈቀድ ብቻ የሚታጨደውን የደጋ ሣር ምድር ማለቱ ነው። «የሣር አጨዳው ተፈቅዶ የለ? ለቤት ክዳን የሚሆን ሊያጭዱ ከሰዎች ጋር ሄዱ።»

በማግስቱ ማለዳ በጭነት መኪና፣ በገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ተጓዝኩ፤ ከመገንጠያው በኋላ በእግሬ። እዚያ ላይ ነፋሱ ሣሩን እንደ ውሃ ያስተኛዋል፣ ያነሣዋል። ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል ደግሞ ከሩቅ የቆመ ሰው ይመስላል፤ ስንቱን «እሳቸው ናቸው» እያልኩ ሮጬበታለሁ! ሣር ተሸክሞ የሚወርደውን ሁሉ እየጠየቅኩ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አገኘኋቸው።

ሲያዩኝ ማጭዱ ከእጃቸው ወደቀ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ አስካለ። ቤት ደረሰዎት!»

«በማን ስልክ ነው የመጣው?»

«በእኔ።»

«እንግዲያ የደረሰው ላንቺ ነዋ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ።»

ከልባቸው ነበር። መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። በሦስተኛው፣ ስማቸው ላይ ስደርስ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

በአቅራቢያው ካለ ገበሬ ቤት አደርን። በሶ በጥብጠው ሰጡን፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ በሶ አላስታውስም። ጎህ ሲቀድ ቁልቁል ጀመርን። መንገድ ላይ «ያን ቁጥር አስጠኚኝ» አሉኝ። እንደ ዳዊት ደጋገሙት፤ አንዷን ሲሳሳቱ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። መኪናው ላይ ወጥተን እንኳ ከንፈራቸው አላረፈም።

የቀበሌው ቢሮ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደረስን። ሠራተኛው መታወቂያቸውን አየና «ስልክ ቁጥር?» አላቸው። ሳይተነፍሱ ወረዱበት። ከመዝገቡ ጋር አስተያየው፤ ትክክል ነው።

«ስልኩን ይዘውታል?»

«ይኸው» አሉና ክንዴን ይዘው ወደ ፊት ጎተቱኝ። «ይቺ ናት።»

ሠራተኛው እየሳቀ ማኅተሙን መታ።

እትዬ አስካለ በዚያች ክፍል ብዙ ዓመት ኖሩ፤ የሞቱትም በገዛ አልጋቸው ላይ ነው። ለሌሎቹ አምስት ሰዎች ስል ቁጥሬን ለዓመታት ሳልቀይር ጠበቅኩ። ለሁለቱ መጣ። ለሦስቱ አልመጣም።

ይህን ሁሉ ስነግራት ልጄ «ቢያባርሩሽ ኖሮስ?» አለችኝ። ቢያባርሩኝ የሚቀርብኝ የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ በብዙ ነገር ተሳስቻለሁ፤ በዚህኛው ግን አልተሳሳትኩም። ዛሬ በመሥሪያ ቤቴ አዲስ ቅጽ ለፊርማ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የማየው ሰው ነገሩን በራሱ ቃል የሚናገርበት ባዶ መስመር መኖሩን ነው። ከሌለው አልፈርምበትም።