የግራው ስኪ ዳዶ

ባለፈው የካቲት ዳላስን በረዶ ያዛት። በረዶ ስል ፎቶ ላይ የሚያምረውን ነጩን ማለቴ አይደለም። እዚህ የሚጥለው ዝናብ ሆኖ ወርዶ አስፋልቱ ላይ መስታወት የሚሆነው ዓይነት ነው። ልጄ ሐያት ሪቻርድሰን ከተማ ነው የምትማረው። ዛሬ እንዳትነጂ ብዬ ለምኜያት ነበር፤ የማን ልጅ ናትና ትሰማለች! ከሰዓት በኋላ ደወለች። ከድልድይ ስትወርድ መኪናዋ የመንገዱን ጠርዝ ገጭታ ቆማለች።

«አባ፣ አይ ስዌር፣ ስቲሪንጉን አዞርኩት። ካሩ ግን ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ሄደ።»

«አንቺ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«እንግዲያው ፊቱ ስላልነከሰ ነው» አልኳት። «ጎማው ዞሯል፤ የሚይዘው ነገር ግን አላገኘም። በረዶ ላይ ያልነከሰ ነገር አይታጠፍም።»

«አንተ ደግሞ ስለ አይስ ምን ታውቃለህ?» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ ስለ በረዶ ምን ያውቃል። ግን አውቃለሁ። በሃያ አራት ዓመቴ፣ ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ዴንተን ውስጥ ስኖውሞቢል እሠራ ነበር። ስኖውሞቢል በረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር ነው፤ ከኋላ እንደ ዶዘር ሰንሰለት የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ቀበቶ፣ ከፊት በጎማ ፈንታ ስኪ የሚባሉ ሁለት ረጃጅም እግሮች፣ ከላይ የሞተር ሳይክል መሪ አለው።

ይህን ስናገር «ቴክሳስ ውስጥ?» የማይለኝ ሰው የለም። አዎ፣ ቴክሳስ ውስጥ። እዚህ ደህና ኑሮ ያለው ሰው ኮሎራዶ ተራራ ላይ ቤት ይኖረዋል፤ ቤት ያለው ደግሞ ስኖውሞቢል ይገዛል፤ የገዛውን በጋውን ሁሉ ጋራዡ ውስጥ አቧራ ያስጠጣውና ብርድ ሲመጣ የሚጠግንለት ይፈልጋል። ዴል የሚባል ሽማግሌ ነጭ ነበር የሚጠግነው። በበጋ ጀልባ፣ በክረምት ስኖውሞቢል። ቆርቆሮ ቤት ነው ጋራዡ፤ በታኅሣሥ እንኳ ቀትር ላይ ያልባል። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ብሎንና ዳዶ ስፈታና ሳስር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዴል ለአንድ ቀን ሞክሮኝ ለሁለት ዓመት ያዘኝ።

የምኖረው ግራንድ ፕሬሪ፣ የእናቴ የአክስት ልጅ ከሆኑት ከጋሽ ሁሴን ቤት ነበር። ጋሽ ሁሴን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዱ ነበር። ሥራ የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ ከማክበርም አልፈው ይፈሩታል። «እዚህ አገር ከሥራ የቀረን ሰው እንደሌለ ቁጠረው» ይሉኝ ነበር። ከእሳቸው ቤት ዴንተን ድረስ አንድ ሰዓት እነዳለሁ፤ ግራና ቀኙ ክረምት ያደረቀው ሣርና ማስታወቂያ ብቻ ነው።

በዚያ ታኅሣሥ ዋልት የሚባል ጡረተኛ አስተማሪ የሚስቱን ስኖውሞቢል አመጣ። ሚስቱ ፔጊ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ሳቂታ ሴት። ባለፈው ክረምት ኩርባ ላይ መሪውን ብታዞረው ብታዞረው ቀጥ ብሎ ሄዶ ከዛፍ ጋር አጋጭቷታል፤ የትከሻ አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። ዋልት ሊሸጠው ፈለገ። እሷ እምቢ አለች፤ «ይሠራልኝና እኔው እነዳዋለሁ» አለች። ቅዳሜ ጠዋት ጭነውት ወደ ኮሎራዶ ሊሄዱ ነው። ዴል ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። ብቻዬን ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስኪው ሥር ካርባይድ የሚባል ነገር አለ። ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ ሆዱ ላይ ከብረት የጠነከረ ስለት ተበይዶበታል፤ በረዶውን የሚነክሰው እሱ ነው። የፔጊ አልቆ እንደ ማንኪያ ጀርባ ለስልሷል። በላዩ ላይ ስኪዎቹም ጠባብና ጠማማ ነበሩ። ሰፋ ያለ፣ ሥሩ ጠለቅ ያለ አዲስ ስኪ ልቀይርላት ሆነ። ካርባይዱን ረጅሙን ላስገባ ስል ዴል ከለከለኝ። ረጅም ከሆነ ፊቱ ከመጠን በላይ ይነክሳል፤ መሪው ለክንዷ ይከብዳታል፤ ኋላው ደግሞ አልያዝ ብሎ ይዞርባታል። መካከለኛውን አስገባሁ። የመጨረሻው ሥራ ሁለቱን ስኪዎች ማስተካከል ነው። መሪው ቀጥ ሲል ስኪዎቹ ጎን ለጎን፣ አፋቸው ብቻ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወደ ውጭ ከፈት ብሎ መቆም አለባቸው። ይህ የሚስተካከለው ከመሪው ወደ ስኪው የሚወርደውን ዘንግ በማዞር ነው፤ ከተስተካከለ በኋላ ዘንጉ እንዳይዞር የሚይዘው አንድ ዳዶ አለ። እሱ ካልጠበቀ ዘንጉ በንዝረት ቀስ በቀስ ይፈታል። ከተፈታ መሪው እጅ ላይ ይቀራል፤ ስኪው በራሱ ፈቃድ ይሄዳል።

ዓርብ ከሰዓት የግራውን ሳስተካክል የጋራዡ ስልክ ጮኸ። ዴል ሐኪም ቤት ሄዷል፤ አነሳሁት። ጋሽ ሁሴን ናቸው። ጋራዥ ደውለውልኝ አያውቁም።

«ሥራህን ጨረስክ?»

«ትንሽ ቀረኝ ጋሼ። ምነው?»

«ምንም። ነገ ኦፍ ነህ አይደል?»

«ኦፍ ነኝ፤ ሥራ የለኝም።»

«ጥሩ፣ ጥሩ። ጨርሰህ ና። ቀስ ብለህ ንዳ።»

እትዬ ዘይነብ፣ ሚስታቸው፣ ታመው ይሆን ብዬ ሐሳብ ገባኝ። እጄን ታጥቤ ወጣሁ። ቤት ስደርስ እትዬ ዘይነብ ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አሉኝ። የሠሩት ግን ሩዝ ነበር፤ ሽንኩርትም አልነበረበትም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሰላት ሰግጄ ተመልሼ ጋደም እንዳልኩ ሳሎን ውስጥ ኮቴ ሰማሁ። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ሰው አይደለም፤ ጫማ ነው። መግቢያው ላይ የሃያ ሰው ጫማ ተከምሯል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። የአገሬ ሰው ይህን አይቶ የሚጠይቀው ነገር የለም።

«ኢድሪስ፣ ወንድ ነህ፣ ሶብር አድርግ» አሉ ጋሽ ሁሴን። «እናትህ ወደ አኼራ ሄዳለች።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

ሰው ሁሉ ከማክሰኞ ጀምሮ ያውቃል ለካ። አገር ቤት ቢሆን በማግስቱ ንጋት ያረዱኝ ነበር። እዚህ ግን መርዶም በኦፍ ቀን ሆኗል፤ ሥራ እንዳልቀር፣ መንገድ ላይ እንዳልጋጭ፣ እነሱም ከሥራ እንዳይቀሩ፣ ተማክረው ለቅዳሜ አሳደሩልኝ። ክፋት አይደለም። አንዱ እንኳ ክፉ ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ አሮጌዎቹን ስኪዎች አወለቅሁ። ረቡዕ ከዴል ጋር የዶሮ ሳንድዊች በላሁ። ሐሙስ ካርባይዱን አሰርኩ። ሐሙስ ሐሙስ እናቴ ጎረቤት ቤት ስልክ አጠገብ ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር፤ ያን ቀን ልደውል ስል ጋሽ ሁሴን የስልክ ካርዱ አልቋል አሉኝ። ቀኖቹን አንድ በአንድ አየኋቸውና ምንም አልተሰማኝም። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እናቴን በስሟ ይጠራሉ፣ እኔ መሀላቸው ቁጭ ብያለሁ። የጥርስ ሐኪም ድድህን ሲያደነዝዘው በጣትህ ትነካዋለህ፣ የራስህ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ግን የለም። እንደዚያ ነው። እንዳለቅስ ይጠብቁኝ ነበር። አፈርኩ። እፍረቱም ቢሆን ሩቅ ነበር።

ከዚያ፣ ንፍሮ የያዘ ሳህን እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ፣ ዳዶው መጣብኝ። የግራው ስኪ ዳዶ። ስልኩ ሲጮህ መፍቻውን አስቀመጥኩ። ከስልኩ በኋላ አጥብቄዋለሁ? እጄን የታጠብኩት ትዝ ይለኛል። ማጥበቄ ትዝ አይለኝም።

ተነስቼ ጋራዥ ደወልኩ፤ አይነሳም። ዋልት ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። የመኪናዬን ቁልፍ ፈለግሁ፤ የለም። ሐዘንተኛ ራሱን እንዳይጎዳ ቀድመው ደብቀውታል።

«ቁልፌን ስጡኝ። ሴትዮዋ ልትሞት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ኧረ ምን አልኩ! ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። እናቱን ነው፣ መሞቷን አልተቀበለም፣ ያዙት አሉ። ሁለት ሰው ክንዴን ያዘ። ጋሽ ሁሴን ፊት ቆሜ «እናቴን አይደለም ጋሼ» አልኳቸው። «ሥራዬን ነው። ዳዶ ሳላጠብቅ ሰጥቼ ይሆናል። ዛሬ ጭነውት ይሄዳሉ፤ ነገ ተራራ ላይ ልትነዳው ነው።»

ሥራ የሚለውን ሲሰሙ አዩኝ። ያን ያህል ሰው ቁጭ እንዳለ፣ ሐዘንተኛውን ከለቅሶው አስነስተው በራሳቸው መኪና ይዘውኝ ወጡ። ብዙ ሰው ታዝቧቸዋል፤ እስከ ዛሬም የሚያነሳባቸው አለ።

መንገድ ላይ ዴንተን ስንቃረብ ጠየቅኋቸው።

«ሐሙስ ካርዱ አላለቀም ነበር?»

«አላለቀም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

ጋራዡ ጋ ስንደርስ ዴል ጭነቱን ጨርሶ ግቢው ውስጥ ነበር። ዋልትና ፔጊ በጠዋት ጭነው ሄደዋል። «እኔ ጭነቱን እንጂ ዳዶውን አላየሁትም» አለኝ። ሁልጊዜ መንገዱ ላይ ባለችው በዲኬተር ከተማ ቁርስ ሳይበሉ እንደማያልፉ ነገረኝና መፍቻ አቀበለኝ። ሁልጊዜ ቀስ ብለህ ንዳ የሚሉኝ ጋሽ ሁሴን ያን ቀን ከሁሉ ቀድመው በረሩ። ተጎታቹን ከአንድ ቁርስ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ አገኘነው። የፓንኬክና የቅቤ ሽታ ግቢው ድረስ ይወጣል። ጠዋት ምንም አልበላሁም፤ መራቤንም የነገረኝ ያ ሽታ ነው።

ሸራውን ገልጬ በሆዴ ተኛሁና እጄን ሰደድኩ። ዳዶውን በጣቴ ያዝኩት፤ አይንቀሳቀስም። መፍቻ አስገብቼ በሙሉ ጉልበቴ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ የለም። ባትሪ አበራሁ። ዴል ያጠበቅነውን ሁሉ በቢጫ ቀለም አስምሩበት ይለን ነበር። ከዳዶው እስከ ዘንጉ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፤ ቀጥ ያለ፣ የእኔ እጅ የጣለው። ዓርብ አጥብቄው፣ አስምሬበት ነበር የወጣሁት።

እዚያው መሬት ላይ ቀረሁ። የማጠብቀው ነገር አልነበረም። ከዚህ በኋላ የምሮጥበት አንድም ነገር አልነበረኝም።

ፔጊና ዋልት አይተውን ወጡ። «ችግር አለው?» አለች።

«የለውም። በጣም ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«እናቴ ሞተች» አልኩ። መጀመሪያ አፌን ከፍቼ ያልኩት ያኔ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ በቅጡ ለማላውቃት ሴት።

«ወይኔ! መቼ?»

«ማክሰኞ።»

ግራ ገባት። «ማክሰኞ እኮ እኛ መጥተን ነበር። አንተም ትስቅ ነበር» አለች። ክፉ አስባ አይደለም። እጄን ያዘችው፤ እጇ ከቡና ስኒ የወጣ ሙቀት ነበረው። ጋሽ ሁሴን እንግሊዝኛው ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ፊታቸውን ወደ ነዳጅ ማደያው አዞሩ።

ተመለስኩና ሦስቱን ቀን ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ጥር ላይ ፔጊ ፖስት ካርድ ላከች፤ መሪው በጣት ይታጠፋል፣ ኩርባ መፍራት ትቻለሁ ትላለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጋሽ ሁሴንን ለዓመታት ተቀይሜያቸው ኖርኩ፤ ዒድ በመጣ ቁጥር ጉልበታቸውን እየሳምኩ፣ በሆዴ ግን ተቀይሜያቸው።

ሐያት በበረዶው መኪናዋን ባጋጨች በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ የጋሽ ሁሴን ታናሽ ወንድም ደሴ ላይ ሞተ። ወዲያው ከዘመዶቻቸው ተደወለልኝ። «መርዶውን ለቅዳሜ አድርገነዋል፤ ልጆቻቸው ኦፍ የሚሆኑት ያኔ ነው። እስከዚያ እንዳይሰሙ» ተባልኩ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ግራንድ ፕሬሪ ነበርኩ። ሐላል ሥጋ ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል፣ ጋሪያቸውን ተደግፈው ይሄዳሉ። በቀትር፣ መኪና ወዲህና ወዲያ እያለ፣ ነገርኳቸው። ሰዎቹ ሥርዓት አፈረሰ ብለው እስካሁን አኩርፈውኛል፤ ይኩረፉ።

«መቼ?» አሉኝ።

«ዛሬ። ዛሬ ንጋት ላይ።»

«ዛሬ» አሉ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው፣ ወንድሜን፣ ወንድሜን እያሉ ሰው እያያቸው እንደ ልጅ አለቀሱ። ትንሽ ቆይተው ቀና ብለው አዩኝና «ኢድሪስ፣ ያኔ አንተን...» አሉ፤ አልጨረሱትም። እኔም ጨርሱት አላልኳቸውም። አጠገባቸው ተቀምጬ ትከሻቸውን ያዝኩ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ሲወርድ እያየሁ፣ ሰማንያ ዓመት በተጠጉ ሽማግሌ ሐዘን ቀናሁ።